ጭስ መሳቢያውን ወደ «ቢኖር ጥሩ» ያሻገርኩት እኔ ነኝ

የሌዘር መቅረጫ ማሽን ገዝታችሁ ሥራ ልትጀምሩ ያሰባችሁ ሰዎች ይህን እስከ መጨረሻው ብታነቡልኝ ደስ ይለኛል። ሐሳቡ የሌላችሁም ብታነቡት አትጎዱም። ስለ ማሽን የማወራ ልመስላችሁ እችላለሁ፤ የማወራው ግን ስለ አባቴ ጉሮሮ ነው።

ያኔ ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነበር። ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ ኮሌጅ ሬጅስትራር ቢሮ ሰባት ዓመት የተማሪ ፋይል ሳገላብጥ ኖሬ በመጨረሻ ሰለቸኝና ለቀቅኩ። በእጄ የምሠራው፣ ስጨርሰው አንስቼ የማየው ነገር አማረኝ። ባለቤቴ ደረጀ ፋብሪካ ውስጥ በፈረቃ ይሠራል፤ «ያንቺን ድርቅና ከምከራከር ፋብሪካውን ብከራከር ይቀለኛል» ብሎ ፈቀደ። ሹም አቦ ሰፈር በተከራየነው ቤት ጓሮ፣ በሯ ወደ ግቢው የሚከፈት፣ ድሮ ከሰል ይቀመጥባት የነበረች አንዲት ጠባብ ክፍል ነበረች። አጸዳኋት፣ ኖራ ቀባኋትና «ወርክሾፕ» አልኳት። ደረጀ ባለፈ ባገደመ ቁጥር በሩን እያንኳኳ «ክብርት ሥራ አስኪያጅ አሉ?» ይለኝ ነበር።

ማሽኑን ከመግዛቴ በፊት ስንት ሌሊት ቪዲዮ እንዳየሁ አትጠይቁኝ። የተማርኩትን በደብተር ላይ በሁለት ዓምድ ጻፍኩ። በአንደኛው ላይ «የግድ» የሚል ርእስ፣ በሁለተኛው ላይ «ቢኖር ጥሩ» የሚል። የግድ ከሚለው ሥር ማሽኑ፣ ላፕቶፑ፣ የዓይን መከላከያ መነጽሩ፣ የእሳት ማጥፊያው፣ ዕቃው የሚዘረጋበት የማር እንጀራ የሚመስል የብረት መደብ፣ ከዚያ ደግሞ ጭስ መሳቢያው ከነቱቦው ነበሩ። ቢኖር ጥሩ ከሚለው ሥር ኩባያና ፔርሙስ እያሽከረከረ የሚያስቀርጸው ዕቃ፣ ካሜራውና አየር መንፊያው። ልብ በሉ፣ ዝርዝሩ ትክክል ነበር። መጀመሪያ ስጽፈው አንድም ስሕተት አልነበረበትም።

ችግሩ ሰው ሁሉ ኩባያ ኩባያ ማለቱ ነው። ለልደት ኩባያ፣ ለምርቃት ፔርሙስ። ማሽከርከሪያውንና ጭስ መሳቢያውን አንድ ላይ ለመግዛት አቅም አልነበረኝም። ደብተሩን ከፍቼ ትንሽ አሰብኩ። መስኮት አለ አይደል? ጭስ በመስኮት ይወጣል። ቀይ እስክሪብቶ አንስቼ ከጭስ መሳቢያው ወደ «ቢኖር ጥሩ»፣ ከማሽከርከሪያው ደግሞ ወደ «የግድ» ቀስት አሰመርኩ። ሁለት ደቂቃ አልፈጀብኝም።

በዚያው ገጽ ግርጌ «ፒቪሲ በፍጹም!» ብዬ ሁለት ጊዜ አስምሬበታለሁ። ቪዲዮዎቹ ሁሉ ይህን አጥብቀው ስለሚናገሩ ነው የጻፍኩት። እንዲያውም ትንሽ ስቄባቸዋለሁ። እኔ ፒቪሲ ሲባል የማውቀው የውሃ ቱቦውን ነው። ቱቦ ላይ ማን ስሙን ያስቀርጻል?

አሁን ወደ አባቴ ልምጣ። አባቴ መሪጌታ ናቸው፤ ዘጌ ካሉት አድባራት በአንዱ ድጓ ያስተምራሉ። ከባሕር ዳር በጀልባ ስትሄዱ፣ ዳር ደርሶ ሞተሩ ሲጠፋ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ከዛፉ መሐል ገና ሳይታይ መጀመሪያ የሚደርሳችሁ የእሳቸው ድምፅ ነበር። በልጅነቴ ሲቆጡኝ አገሩ ሁሉ ጥፋቴን ይሰማ ነበር። ሥራ መልቀቄን ሲሰሙ ግን አልተቆጡም፤ ዝም አሉኝ። ዝምታቸው ከቁጣቸው ይብስብኝ ነበር።

በዚያ ክረምት ድጓ የጨረሱ አሥራ አንድ ተማሪዎች ነበሯቸው። ለእያንዳንዳቸው ለዳዊታቸው የሚሆን ማኅደር፣ ማለት በትከሻ የሚንጠለጠል የቆዳ ማስቀመጫ፣ የክርስትና ስማቸው ተጽፎበት እንዲሰጥ ፈለጉ። ማኅደር ይሰፉ የነበሩት ሽማግሌ ዓይናቸው ደክሟል። «ያ ማሽንሽ ቆዳ ላይ ይጽፋል ይባላል፣ እውነት ነው?» ብለው በስልክ ጠየቁኝ። አባቴ ከእኔ አንድ ነገር ሲፈልጉ የመጀመሪያቸው ነበር። ከአፋቸው ሳይጨርሱት እሺ አልኩ።

ገበያ ወረድኩና የጫማና የቦርሳ ዕቃ ከሚሸጥ ሱቅ ገባሁ። ሻጩ አንድ ጥቅል ዘረጋልኝ። ቡና ዓይነት፣ ለስላሳ፣ እንደ ቆዳ ሽንትርትር ያለው ነው። «ለሌዘር ይሆናል?» አልኩት። «ሌዘር ነው እኮ እህቴ» አለኝ፣ ቅር እንደማለት ብሎ። እኔ የጠየቅኩት ስለ ማሽኔ ነው፤ እሱ የመለሰው ስለ ዕቃው ነው። ሁለታችንም አልዋሸንም። በእኛ አፍ ብርሃኑም ሌዘር ነው፣ ቆዳውም ሌዘር ነው፣ ቆዳ የሚመስለውም ሁሉ ሌዘር ነው። ደስ ብሎኝ ተሸክሜ ወጣሁ።

አባቴ በሐምሌ አንድ ማክሰኞ በጠዋቱ ጀልባ መጡ። የመጡት ፊደሉን ለማረም ነው። እሳቸው ሳያዩት አንድ ስም እንዲጻፍ አይፈልጉም። ጥምጥማቸውን እንዳሰሩ ላፕቶፑ ፊት ተቀምጠው አሥራ አንዱን ስም አንድ በአንድ አዩ። «ወልደ ስላሴ» ብዬ ጽፌ አገኙኝ።

«በእሳቱ ሰ ጻፍሽው? ሥላሴ በንጉሡ ሠ ነው» አሉ። አረምኩት። ኃይለ ማርያምንም በሃሌታው ሀ ጽፌው ኖሮ አስተካከልኩት። ከዚያ ከጥቅሉ የቆረጥኳትን ቁራጭ አንስተው በጣታቸው አሹና ወደ አፍንጫቸው አስጠጓት።

«ይኸ የምን ቆዳ ነው?»

«ሌዘር ነው አባዬ።»

«የበግ ነው የፍየል?»

«እንዲሁ ሌዘር ነው።»

እንደገና አሸተቱት። «እንስሳው አይሸትም» አሉ።

ሳቅኩባቸው። የዘንድሮ ቆዳ ታጥቦና ተቀብቶ ነው የሚመጣው አልኳቸው። እኚህ ሰው ዓይናቸውን ጨፍነው የበግን ብራና ከፍየል ብራና በማሽተት የሚለዩ ሰው ናቸው። ቁራጯን መለሱልኝ፤ ሽርጤ ኪስ ስከታት «እንግዲህ ሥራው ያንቺ ነው፤ አንቺ ታውቂያለሽ» አሉኝ። አንቺ ታውቂያለሽ ብለውኝ አያውቁም ነበር። ያንን ቃል ሳጣጥም ሌላውን ሁሉ ረሳሁት።

የአሥራ አንዱንም ማኅደር ቁራጭ በመደቡ ላይ ደረደርኩ። ማሽኑ ስሙን ጽፎ ዙሪያውን ይቆርጣል፤ በአጠቃላይ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል። ለማስታወቂያ ይሆነኛል ብዬ ስልኬን ማቆሚያው ላይ አድርጌ ቪዲዮ አስጀመርኩ። መነጽሩ አንድ ብቻ ስለነበር ለአባቴ አደረግሁላቸው። ከጥምጥሙ ሥር አረንጓዴ መነጽር አድርገው በርጩማ ላይ ሲቀመጡ ሳቄን መያዝ አቃተኝ፣ እሳቸውም ሳቁ። ማሽኑ ሲጀምር ጎንበስ ብለው እያዩ ዝቅ ባለ ድምፅ ማዜም ጀመሩ። ጭሱ በመስኮቱ ይወጣ ነበር። ሽታው የተቃጠለ ፌስታል ዓይነት ነበር፤ የቀለሙ ይሆናል አልኩ።

ከዚያ ዝናቡ መጣ። የሐምሌን ዝናብ ታውቁታላችሁ፤ ከሐይቁ ነፋስ ጋር ሲመጣ በጎን ነው የሚገርፈው። መስኮቱ ከማሽኑ በላይ ስለነበር ውሃው ላፕቶፑ ላይ መርጨት ጀመረ። ዘልዬ መስኮቱን ዘጋሁት። በሩ ክፍት ነው ብዬ ነው።

ይህን ጊዜ የግቢው በር ተንኳኳ። ኩባያ ያዘዙኝ አንዲት የሰፈር ሴት ናቸው፤ ለልጃቸው ምርቃት ዛሬውኑ ይፈልጉታል። ማሽኑን ብቻውን ትቶ መሄድ ክልክል እንደሆነ አውቃለሁ፤ እሱንም ጽፌዋለሁ። ብቻውን አልተውኩትም። ጠባቂ አኖርኩለት።

«አባዬ፣ እሳት ቢይዝ ይጥሩኝ። ከዚህች እንዳይነቃነቁ፤ ይጠብቁልኝ» አልኳቸው፣ እንደ ቀልድም እንደ ቁም ነገርም።

«ሂጂ፣ እጠብቅልሻለሁ» አሉ።

ሴትዮዋን ሳሎን አስገባሁ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲወቅጠው ለመነጋገር እንኳን እየጮኽን ነበር። ኩባያዎቹን አንድ በአንድ አዩ፤ በአንዱ ላይ የልጅቷ ስም ትንሽ አንሷል አሉ። ዝናብ ላይ ሂዱ አይባልም፣ ተቀመጡ አልኳቸው። ስለ ማሽከርከሪያው ስገልጽላቸው፣ እንዴት ኩባያውን ዙሪያውን እንደሚያስቀርጽ በእጄ እያሳየሁ ስኩራራ ትዝ ይለኛል። ሃያ አምስት ደቂቃ ያህል ቆየሁ።

ዝናቡ ትንሽ ሲያባራ ወደ ጓሮ ሄድኩ። በሩን ነፋሱ ዘግቶታል። ስከፍተው ጭሱ ፊቴን መታኝ፤ ዓይኔ በአንዴ እንባ ሞላ፣ ጉሮሮዬን የሆነ ነገር ጨመደደኝ። አባቴ በርጩማው ላይ ነበሩ። ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ አድርገው፣ በአንድ እጃቸው ጠረጴዛውን ጨብጠው፣ ፊታቸውን ወደ ማሽኑ እንዳደረጉ ነበሩ። ማሽኑ አሁንም ይጽፋል። ሶኬቱን ነቀልኩና ከብብታቸው ይዤ ጎትቼ አወጣኋቸው። ሳል እያጣደፋቸው ግቢው ጭቃ ላይ ተንበረከኩ፤ ቀና ብለው አዩኝና ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። ድምፅ አልወጣም።

ሴትዮዋ ሮጠው ባጃጅ አመጡ። መንገዱ ጎርፍ ነበር፤ ባለ ባጃጁ በአንድ እጁ መስታወቱን እየጠረገ ይነዳል። አባቴ የእጄን አንጓ ይዘውኛል። በተነፈሱ ቁጥር ከደረታቸው ፉጨት ይሰማል። ምን ልርዳቸው? ውሃ ልስጣቸው? ጀርባቸውን ልምታ? ቀና ላድርጋቸው ወይስ ላስተኛቸው? አንዱንም አላውቅም። ስለ ማሽኑ ያን ሁሉ ቪዲዮ ሳይ ሰው ጭስ ሲገባው ምን እንደሚደረግ አንድም አላየሁ። «አይዞዎት» ብቻ እላለሁ፤ እሳቸው ደግሞ እንደ አይዞሽ አንጓዬን ጠበቅ ያደርጉልኛል።

ሆስፒታሉ መግቢያ ላይ ሰው ተጨናንቋል። መዝጋቢዋ ምን ሆነው ነው ስትለኝ «ሌዘር ነው፣ የሌዘር ጭስ» አልኩ። በዚያ ጫጫታ ጭስ የሚለውን አልሰማችም መሰለኝ። መነጽሩ አባቴ አንገት ላይ ተንጠልጥሏል። አየችው፣ ወረቀት ጻፈችልኝ፣ ወደ ግራ አመለከተችኝ። ደግፌያቸው ኮሪደሩን ጨርሼ ስቀመጥ ዙሪያዬን ያለው ሰው ሁሉ አንድ ዓይኑ ላይ ፋሻ አለው። ዓይን ክፍል ነበር የላከችን።

ለነርሷ ዓይናቸው አይደለም፣ መተንፈስ አቅቷቸዋል አልኳት። «ሌዘር የመታቸው እሳቸው አይደሉም?» አለችኝ። ያ ሌዘር አይደለም፣ ቆዳው ነው፣ ቆዳ ነው የተቃጠለው አልኩ። ቶሎ ብላ የአባቴን እጅጌ ሰበሰበች፤ ክንዳቸውን አየች፣ ደረታቸውን ገልጣ አየች። የቃጠሎ ቁስል ነበር የምትፈልገው። እሷ ላይ አልፈርድም። ቃል አልቆብኝ ነበር። ሌዘር ስል ዓይን ይሆናል፣ ቆዳ ስል ገላ ይሆናል። አባቴ በመሐል እየታፈኑ ነው።

በኮሪደሩ ታልፍ የነበረች አንዲት ወጣት ሐኪም የአተነፋፈሳቸውን ድምፅ ሰምታ ቆመች። እኔን አልጠየቀችም። ደረታቸውን አዳመጠች፣ ተሽከርካሪ ወንበር አስመጣች፣ ድንገተኛ ክፍል አስገብታ ኦክስጅን አደረገችላቸው። ከዚያ ነው ወደ እኔ ዞራ ምን እንደነደደ የጠየቀችኝ። መናገር ፈርቼ ከሽርጤ ኪስ ቁራጯን አውጥቼ ሰጠኋት። በጥፍሯ ጠርዙን ላጠችው። ላዩ እንደ ወረቀት ተነሳ፤ ከሥሩ ተራ ጨርቅ ነበር።

«ይህ ቆዳ አይደለም» አለች። «ጨርቅ ላይ የተለበጠ ፒቪሲ ነው።»

«ፒቪሲ ቱቦው አይደል እንዴ?» አልኳት።

«ቱቦውም ነው፣ ይህም ነው። ጭሱ እርጥበት ሲያገኝ አሲድ ይሆናል። ጉሮሮ ደግሞ ሁልጊዜ እርጥብ ነው።»

ለምን ያህል ጊዜ ውስጥ እንደነበሩ ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። በሩ ተቆልፎ ነበር? አልተቆለፈም። ታዲያ ለምን አልወጡም? ለዚህ መልስ ነበረኝ፤ አልመለስኩም። ጉሮሯቸው ማበጡ እንደሚያሰጋት፣ እስከ ነገ ያሉት ሰዓታት እንደሚወስኑት ነገረችኝና ወደ ውስጥ ገባች።

የሰው አቅም ማጣት ምን እንደሆነ የማውቀው ከዚያ አግዳሚ ወንበር ነው። ደረጀ ከፋብሪካ ቀጥታ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። በመስታወቱ በኩል ደረታቸው ከፍ ዝቅ ሲል እቆጥራለሁ፤ ከፍ ብሎ ሲዘገይ እኔም እንደሳቸው ትንፋሼን እይዛለሁ። ማድረግ የምችለው ይኸው ብቻ ነበር። ማግስቱም እንዲሁ አለፈ።

በሦስተኛው ቀን ኦክስጅኑ ተነሳላቸው። ገብቼ አጠገባቸው ተንበረከክኩ። ይቅርታ ልል ስል በእጃቸው ዝም አሰኙኝና አፋቸውን ከፈቱ። መጀመሪያ አየር ብቻ ወጣ። ቆይተው በሹክሹክታ፣ ቃል በቃል እየለቀሙ ተናገሩ።

«እሳት አልያዘም» አሉኝ።

ይጠብቁልኝ ብያቸው ነበርና የተሰጣቸውን ጥበቃ ማስረከባቸው ነበር።

ድምፃቸው አልተመለሰም። ሐኪሞቹ ጠብቁ አሉን፣ ጠበቅን፤ ክረምቱ ወጣ፣ በጋው አለፈ። የድምፅ አውታራቸው ጠባሳ ይዟል። ዛሬ አባቴ በሹክሹክታ ይናገራሉ። ተማሪ ሲሳሳት በመቋሚያቸው መሬቱን መታ ያደርጋሉ፤ ትክክለኛውን ግን ማሰማት አይችሉም። ጀልባው ዘጌ ደርሶ ሞተሩ ሲጠፋ አሁን የሚሰማው ወፍ ነው።

ማሽኑን ልሸጠው ነበር፤ እሳቸው ናቸው ማኅደሮቹን ሳትጨርሺ አይሆንም ያሉኝ። ጨረስኩ፤ በእውነተኛ የበግ ቆዳ። ዛሬም እሠራበታለሁና፣ እናንተ ጀማሪዎች፣ እንግዲህ ልንገራችሁ። ጭስ መሳቢያው ከማሽኑ ጋር አንድ ቀን ቤታችሁ ይግባ፤ እሱ ካልተገዛ ማሽኑም አይገዛ። መስኮት ጭስ መሳቢያ አይደለም፤ ዝናብ ሲመጣ የምትዘጉት እናንተው ናችሁ። መነጽር በማሽኑ ልክ የተሠራ፣ ደግሞ ክፍሉ ውስጥ በሚገኘው ሰው ቁጥር ይሁን። የእሳት ማጥፊያው እጃችሁ የሚደርስበት ይቀመጥ። ማሽከርከሪያው፣ ካሜራው ይቆያል፤ ኩባያ የሚፈልግ ሰው አይጠፋም። የመጣላችሁን ሁሉ በስሙ አትመኑ። እኔ ግድግዳዬ ላይ አንድ የመዳብ ሽቦ ሰቅያለሁ። ደጅ ወጥቼ፣ በነፋሱ በኩል ቆሜ፣ ሽቦውን አግልቼ ቁራጩን እነካበትና መልሼ እሳት ላይ አደርገዋለሁ። ነበልባሉ አረንጓዴ ከሆነ ፒቪሲ አለበት ማለት ነው፤ ዕቃው ክፍሌ አይገባም። አባቴ ግን ያለ ሽቦ፣ በአፍንጫቸው ብቻ ነግረውኝ ነበር። በሥራችሁ የማያውቅ የመሰላችሁ ሰው አንድ ነገር ሲላችሁ አትሳቁ። ከሁሉም በላይ፣ ማሽኑን የሚያቆመውን ቁልፍ ላላሳያችሁት ሰው ጠብቅልኝ አትበሉ።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። ያን ቀን ስልኬ ማቆሚያው ላይ እንደበራ ነበር። ማሽኑ ሲቀርጽ እሱም ሲቀርጽ ነበር። አባቴ ዜማ ከሰው ወደ ሰው ነው የሚተላለፍ ብለው በሕይወታቸው ድምፃቸውን አስቀርጸው አያውቁም፤ ያለው ይኸ ብቻ ነው። የመጀመሪያዎቹን ዘጠኝ ደቂቃዎች ሰምቻቸው ነበር፤ ማሽኑ እየጮኸ እሳቸው ዝቅ አድርገው ሲያዜሙ። ከዚያ በኋላ ያለውን ለመስማት አልደፈርኩም። ተማሪዎቹ ዜማውን በእሳቸው ድምፅ ለመስማት አጥብቀው እንደሚፈልጉ ስሰማ ስልኩን ይዤ ዘጌ ሄድኩና ለአባቴ ከፈትኩላቸው።

ዓይናቸውን ጨፍነው የገዛ ድምፃቸውን ሰሙ። የዝናቡ ድምፅ ሲጀምር ላጠፋው እጄን ዘረጋሁ፤ እጄን ያዙኝ። ሳል መጣ። የበሩ መዘጋት ተሰማ። እንደገና ሳል። ከዚያ ያ ዘጌን የሚሞላው ድምፅ «ጥሩዬ!» ብሎ ስሜን ጠራ። ሦስት ጊዜ ተጣራ፤ ሦስተኛው የተሰነጠቀ ነበር። ከዚያ በኋላ ማሽኑና ዝናቡ ብቻ ናቸው። ያን ጊዜ እኔ ሳሎን ሆኜ ስለ ኩባያ አወራ ነበር።

«እስከ ሳሉ ድረስ ያለውን ቁረጪና ለልጆቹ ስጫቸው» አሉኝ አባቴ። ማልቀሴን አይተው ደግሞ እንዲህ አሉ፦

«ዝናቡ ነው፣ ልጄ። በዚያ ዝናብ ማን ይሰማል።»

ይህን ያሉኝ በጥር ፀሐይ፣ ቅጠል በማይንቀሳቀስበት ቀን ነበር። ለመስማት ግን ጆሮዬን ከከንፈራቸው ማስጠጋት ነበረብኝ።